ቤትና ቤተ ሰብ፤ የሕፃን ጠጉር በቈላ አገር



ወደ ጋምቤላ ተዛውሮ የሚሠራ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በቅርቡ ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ ጽፎልናል። ደብዳቤው አጭር ቢሆንም በቤቱ ውስጥ የተነሣውን ክርክር በሚገባ ይገልጻል። የአራት ወር ሴት ልጅ አለችው። የተወለደችው በደጋ ነው፤ ወደ ቈላ ከወረደች ገና አምስት ሳምንቷ ነው። ራሷ በጠጉር የተሸፈነ በመሆኑ ላብ ያጠምቃታል። ጎረቤቶቹ «ይህ ሁሉ ጠጉር ሙቀት ያመጣባታልና ላጩላት» ይላሉ። ከደጋ አብረው የመጡት አማቱ ደግሞ «ምላጭ አይንካት፤ ቅቤ ይቀባላት፤ ቅቤ ያበርዳል» ይላሉ። ባለቤቱ ሁለቱንም ትፈራለች። እርሱም በደብዳቤው መጨረሻ፦ «አማርኛ በመማር ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ስሕተቴን ይቅር በሉኝ፤ ነገር ግን ማንን እንደምሰማ ንገሩኝ» ሲል ይጠይቃል።

ስለ አማርኛው ይቅርታ መጠየቁ አላስፈለገውም ነበር። እኛም ራሳችን በትግርኛ አፍ ፈትተን፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች በምንጽፈው ውስጥ፣ አማርኛ ለልጅ ራስና ለልጅ ጠጉር ያሉትን ስሞች በየስፍራው እያነሣን እንተረጕማለን። ቃሉን ያላወቀ አባት በጤና ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ የልጁን ሕመም ለማስረዳት ይቸገራልና።

ከሁሉ አስቀድሞ የጠጉሩን ባሕርይ እንመልከት። ሕፃን ይዞት የሚወለደው ጠጉር ለዘለቄታ የሚኖር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ ብዙው ይረግፋል፤ በስፍራውም ሌላ ይበቅላል። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ ከመኝታው ጋር የሚፋተገው የኋላ ራሱም ሊመለጥ ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ልጁ መቀመጥ ሲጀምር መልሶ ይሞላል። በተወለደ ጊዜ ሉጫ የነበረውም ጠጉር ከጥቂት ወራት በኋላ ከርዳዳ ሊሆን ይችላል። «ሉጫ» ማለት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጠጉር ነው፤ «ከርዳዳ» ማለት ደግሞ እየተጠቀለለ የሚበቅል ነው። አንዳንድ ወላጆች ይህን ለውጥ ሲያዩ «ልጃችንን ምን ነካት?» ብለው ያዝናሉ። የነካት ነገር የለም፤ የራሷ ጠጉር መጣላት እንጂ።

ከርዳዳ ጠጉር የሚጠቀለለው ከሥሩ ነው። የሚበቅልበት ቀዳዳ በቆዳው ውስጥ የተጣመመ ነው፤ ጠጉሩም ተቈርጦ በአጕሊ መነጽር ቢታይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ሆኖ ይገኛል። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባት በሉጫ ጠጉር ላይ በቀላሉ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ ግን እስከ ጫፉ አይደርስም። ስለዚህ ከርዳዳ ጠጉር ቶሎ ይደርቃል፤ በጥምዝምዙም ላይ ይሰበራል። የዚህን ጠጉር ባሕርይ የተረዳ ሰው ግማሹን ሥራ ፈጽሟል፤ ጠጉሩ የሚፈልገው እርጥበትና ለስላሳ እጅ ነውና።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ ምክር እንለፍ። ጠጉር በእውነት ሙቀት ያመጣልን? በ2023 እ.ኤ.አ. ቲና ላሲሲ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይህን ጥያቄ በሙከራ መርምራ ውጤቱን አሳትማለች። ተመራማሪዎቹ እንደ ሰው ገላ የሚሞቅ ምስለ ሰው አቁመው፣ አንድ ጊዜ ራሱን ባዶ አድርገው፣ ሌላ ጊዜ ሉጫ፣ ለዘብ ብሎ የተጠቀለለና በጣም የተጠቀለለ ጠጉር በየተራ እየደፉለት፣ የፀሐይን ብርሃን በሚመስል መብራት ሥር ለኩት። ጠጉር ሁሉ የፀሐይን ትኵሳት ከራስ ቆዳ ላይ ቀነሰ፤ ከሁሉም ይልቅ የቀነሰው በጣም የተጠቀለለው ሆኖ ተገኘ። ራስን ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገውንም ላብ ከሁሉ ይልቅ ያሳነሰው እርሱ ነው።

ይህን በቀላል ምሳሌ ለመረዳት ለሚፈልግ፣ በጋምቤላ የሣር ክዳን ቤትና የቆርቆሮ ቤት ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። በቀትር ጊዜ ወደ ሁለቱም ገብቶ የወጣ ሰው የትኛው እንደሚሻል አይጠይቅም። ሣሩ ፀሐይን ከላይ ይቀበላል፤ በመካከሉ ያለው አየርም ትኵሳቱ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ይከላከላል። ከርዳዳ ጠጉርም ከራስ ቆዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚቆም የተፈጥሮ ሣር ክዳን ነው። እርግጥ ነው፣ ሙከራው የተደረገው በሕፃን ላይ አይደለም፤ ሕፃንንም በጠጉሩ ብቻ ተማምኖ ፀሐይ ላይ ማውጣት አይገባም። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ከቀጥተኛ ፀሐይ ርቆ በጥላ መዋል አለበት። ነገር ግን «ጠጉሩ ነውና ያሞቃት ይላጭ» የሚለው ምክር መሠረት የለውም።

«ቢላጭ ጠጉሩ ወፍሮ ይበቅላል» የሚሉም አሉ። ይህንንም ሚልድሬድ ትሮተር የተባለች ሳይንቲስት ገና በ1928 እ.ኤ.አ. መርምራ፣ መላጨት የጠጉርን ውፍረትም ሆነ የእድገቱን ፍጥነት እንደማይለውጥ አሳይታለች። የተላጨ ጠጉር ሲበቅል ጫፉ ደልደል ያለ ስለሚሆን ለእጅ ሻካራ ይመስላል እንጂ ሥሩ ያው ነው። በሌላ በኩል ንጹሕ ያልሆነ ምላጭ በሕፃን ራስ ላይ የሚያመጣው ጕዳት ግልጽ ነው። ከሰው ወደ ሰው በሚዘዋወር ምላጭ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል፤ ትንሽ ጭረትም በላብና በአቧራ መካከል ቶሎ ታመረቅዛለች። በስለትም ሆነ በቤተ ሰብ ልማድ ምክንያት የግድ መላጨት ካስፈለገ፣ ምላጩ ለዚያው ልጅ ብቻ የተከፈተ አዲስ ይሁን።

ይህን ስንል የአባቶቻችንን ልማድ ለመንቀፍ አይደለም። በደጋው አገር ወንድ ልጅ ራሱ ተላጭቶ በአናቱ ላይ የሚተውለት ጠጉር «ቁንጮ» ይባላል። የልጃገረዶች ደግሞ መሐሉ ተላጭቶ ዙሪያው ሲተው «ጋሜ» ይባላል። ቁንጮ የሚተወው ልጁ ቢሞት መልአክ በርሷ ይዞ ወደ ሰማይ እንዲያወጣው ነው እየተባለ ይነገር ነበር። አንባቢ በዚህ አባባል ይሥቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ሥቅ የሚያሰኝ አይደለም። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ የቀበሩ እናቶች በሕፃን ራስ ላይ የጻፉት ፍርሃትና ተስፋ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «የድርጅቱ ቁንጮ» ሲባል የበላይ አለቃው ማለት ነው፤ ቃሉ የመጣው ግን ከዚያች ከሕፃኑ አናት ነው።

ስለ ቅቤ ለመናገር ግን ከራሳችን ቤት መጀመር አለብን። እኛም በቈላ አገር ተመድበን በሠራንበት ዘመን የመጀመሪያ ልጃችን የሦስት ወር ሕፃን ነበር። እናታችን የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከደጋ መጡ። በእጃቸውም በቅል የተሞላ ንጹሕ የራስ ቅቤ ይዘው ነበር፤ እርሱን በትግርኛ «ልኻይ» እንለዋለን። ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ውስጥ በጕልበታቸው ላይ ታቅፈው ነው ያመጡት። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የልጁን እርግብግቢት በዚያ ቅቤ ይለብጡ፣ በላዩም ቆብ ያደርጉ ነበር። «እርግብግቢት» ማለት በሕፃን አናት ላይ አጥንቱ ገና ያልገጠመበት፣ ትር ትር የሚል ለስላሳ ስፍራ ነው።

ከሳምንት በኋላ በልጁ ራስ፣ ግንባርና አንገት ላይ የመርፌ ራስ የሚያህል ቀይ ሽፍታ ወጣ። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል፤ እኛም ኩፍኝ መስሎን ደነገጥን። ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስደው ነርሷ ቆቡን አወለቀች፤ የራሱንም ቅቤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችና «ይህ ቅቤ ከተቀባ ስንት ቀን ሆነው?» ብላ ጠየቀች። እናታችን መሬት መሬት አዩ። ነርሷ ግን አልተቈጣቻቸውም። «እማማ፣ ደጋ ቢሆን ኖሮ ቅቤዎ በራሱ ላይ ረግቶ ይቀመጥ ነበር፤ እዚህ ግን ይቀልጣል። ሲቀልጥ ላብ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል፤ ላቡም ከቆዳው ሥር ሲቀር ይህን ሽፍታ ያወጣል» አለቻቸው። የታዘዘለት መድኃኒት አልነበረም። ቅቤው ታጠበ፤ ቆቡ ወለቀ፤ ልጁም ነፋስ በሚገባበት ጥላ ተኛ። በአራተኛው ቀን ሽፍታው ጠፋ።

ነርሷ ሌላም ነገር አስተማረችን። እርግብግቢት በቅቤ የሚደፈን ቁስል ሳይሆን የሚነበብ ምልክት ነው። ልጁ ጸጥ ብሎ ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ እርግብግቢቱ ከራሱ ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ያለ ይሆናል። በጣም ከጐደጐደ የሰውነቱ ውኃ አልቋል ማለት ነው፤ በቈላ አገር ተቅማጥና ትውከት ሲጨመርበት ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ አደጋ ነው። ልጁ ሳያለቅስ ካበጠና ከተወጠረም፣ ይልቁንም ትኵሳት ካለበት፣ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በእጅ ቀስ ብሎ ማጠብ ግን አይጐዳውም። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይገጥማል።

እናታችን በዚያ ዕለት ማታ አለቀሱ። ያለቀሱት ስለ ተሳሳቱ ብቻ አልነበረም፤ ያን ያህል መንገድ ታቅፈው ያመጡት ስጦታ ለልጁ የማይሆን ሆኖ በመገኘቱ ነው። ባለቤታችንም ነገሩን አስተውላ ቅሉን አነሣችና «እናቴ፣ ይህ ለእኔ ራስ ይሁን፤ ልጁን ደግሞ ማታ ማታ እርስዎ ይጠቡልኝ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ልጁን ከእናታችን በቀር ያጠበው አልነበረም።

እንግዲህ አሠራሩን በተራ እንግለጽ።

ማታ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ የሕፃኑን ራስ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ላቡንና አቧራውን ያወርዳል። የውኃውን ሙቀት በክርን እንጂ በእጅ መዳፍ አይለኩ፤ መዳፍ ሙቀትን ለምዷልና ያታልላል። ሳሙና በየቀኑ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። እርሱም ለሕፃናት የተዘጋጀና ሽታ የሌለው ቢሆን ይመረጣል። የልብስ ሳሙና ግን የጠጉሩን ቅባት ሁሉ አጥቦ ይወስዳል። ካጠቡ በኋላ በጨርቅ ጫን እያደረጉ ማድረቅ እንጂ ማሸት አይገባም።

የአራት ወር ሕፃን ጠጉር ዘይት ባይነካው አይጐዳም። ጠጉሩ እየበዛ፣ እየደረቀ ሲሄድ ግን ገና እርጥብ ሳለ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ዘይት በመዳፍ ላይ አሽቶ ጠጉሩን ብቻ መዳሰስ ይበቃል፤ የራስ ቆዳን ማጥለቅለቅ አይገባም። ውኃው እርጥበቱን ይሰጣል፤ ዘይቱ እንዳይተን ይጠብቀዋል። በጋምቤላ የሺአ ዛፍ ይበቅላል፤ ከፍሬው የሚወጣውም ቅባት ከምዕራብ አፍሪካው ዓይነት ይልቅ ለስለስ ያለ ስለ ሆነ በጥቂቱ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ማንኛውንም ቅባት በራስ ላይ ከማድረግ በፊት በልጁ ክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ጥንቃቄ ነው።

ማበጠሪያው፣ በሌላ ስሙ «ሚዶ»፣ ጥርሱ ሰፋፊ ይሁን። የሚበጠረውም ጠጉሩ እርጥብ ሳለ፣ ከጫፉ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ነው። ደረቁን ጠጉር ከሥሩ ጀምሮ የሚጐትት እጅ ጠጉሩን ይሰብራል፤ ልጅንም ማበጠሪያ ባየ ቍጥር እንዲያለቅስ ያስተምራል። ሹሩባ ለሕፃን አይቸኰልበት። ልጅቱ አድጋ ስትሠራም ግንባሯን እስኪወጥር ድረስ አይጥበቅ፤ ሁልጊዜ የተጐተተ ጠጉር ከግንባርና ከጆሮ ግንድ አካባቢ ይሸሻል፤ ብዙ ዓመት ከቈየም አይመለስም። ጨሌ በጠጉር ላይ ማሰርም ለሕፃን አይሆንም፤ ወድቆ ወደ አፍ ይገባል። ጠጉር ማለስለሻ ኬሚካል ፈጽሞ ሕፃን ወዳለበት አይቅረብ።

ቆብን በተመለከተ፣ ሕፃን በራሱ በኩል ብዙ ሙቀት እንደሚያወጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። በደጋ ሌሊት ቆብ ያስፈልገዋል፤ በቈላ ቤት ውስጥ ግን ቆብ ሙቀቱን ያፍንበታል። ወደ ውጭ ሲወጣ ሰፊ ጥላ ያለው ስስ የጥጥ ባርኔጣ ወይም የነጠላ ጥላ ይበቃዋል፤ ቤት ሲገባ ይውለቅ። ስለ ሙቀቱም ተብሎ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ውኃ አይሰጠው፤ በቈላም ቢሆን የእናቱ ጡት ይበቃዋል፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው።

በራስ ላይ የሚታዩትን ሕመሞች መለየትም ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በራስ ላይ የሚጋገር ቢጫ ቅርፊት አደገኛ አይደለም፤ በጥቂት ዘይት አለስልሶ፣ በለስላሳ ብሩሽ አንሥቶ፣ ዘይቱን በሳሙና ማጠብ ይበቃል። በጥፍር መፋቅ ግን ያቈስላል። «ቆረቆር» ከዚህ ይለያል። ይህ በጠጉር ሥር የሚገባ የሻጋታ ዘር ነው፤ ጠጉሩን በክብ በክብ ይሰብራል፤ በማበጠሪያ፣ በቆብና በመላጫ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

እኛ ይህን በራሳችን ራስ ላይ ተምረነዋል። በልጅነታችን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቅማል እንዳይገባ ተብሎ ዓመቱ ሲጀመር የአርባ ልጆች ራስ በአንድ መላጫ መኪና በአንድ ቀን ይላጭ ነበር። ቅማሉ እውነትም አልገባም፤ ወር ሳይሞላ ግን በክፍላችን ግማሽ በሚሆኑት ልጆች ራስ ላይ ቆረቆር ወጣ። ለንጽሕና ተብሎ የተደረገው ነገር በሽታውን አዳረሰው። ቆረቆር በሚቀባ ቅባት ብቻ አይድንም፤ ቅባቱ ከጠጉሩ ሥር አይደርስምና። ሐኪም የሚያዝዘው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ለብዙ ሳምንታት ሳይቋረጥ መወሰድ ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልንጽፈው የፈለግነው ሌላ ነገር አለ። ይህን ደብዳቤ ባነበብን ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለን እርሱ ነው።

በዚያው በቈላ ከተማ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ዘበኛ የነበረ ሰው ወንድ ልጅ ነበረው። ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ታናሹ ተወለደ፤ እርሱም ጡት ተወ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቁርና ከርዳዳ የነበረው ጠጉሩ እየቀላ፣ እየሳሳ፣ እየለሰለሰ ሄደ። ፊቱም ሞላ። ሠራተኛው ሁሉ «እንዴት ያለ ውብ ጠጉር አወጣ! እንዴትስ ወፈረ!» ይል ነበር። እኛም እንደ ሌላው አመሰገንን፤ አባቱም ደስ አለው። ከዕለታት አንድ ቀን ያችው ነርስ ለክትባት ሥራ ወደ ግቢያችን መጣች። ልጁን ባየችው ጊዜ ፈገግ አላለችም። ከጠጉሩ ጥቂት ይዛ ሳብ ስታደርገው ያለ ሕመም በእጇ ቀረ። ቀጥላም ሁለቱን እግሮቹን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ የጣቷ ጕድጓድ በሥጋው ላይ ቀረ። ልጁ አልወፈረም፤ አብጦ ነበር።

ይህን በሽታ ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም በጎልድ ኮስት፣ ማለት በዛሬይቱ ጋና፣ ስትሠራ በ1933 እ.ኤ.አ. ጽፋዋለች፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሩ ሰዎች በጋ ቋንቋ የሚጠሩበትን «ክዋሺዮርኮር» የሚለውን ስም ለዓለም አሳወቀች። ትርጕሙ፣ ታናሹ ሲወለድ ከስፍራው የሚነሣ ልጅ የሚታመመው በሽታ ማለት ነው። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ሊውል ይችላል፤ ነገር ግን የሚበላው ሰውነት የሚገነባ አይደለም። ጠጉርም ይህን ይመዘግባል። በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ስለሚያድግ፣ የጥጋቡ ወራት ጥቁር፣ የችግሩ ወራት ቀይ ሆኖ በአንድ ጠጉር ላይ ተደራርቦ ሊታይ ይችላል። ሐኪሞች ይህን መልክ የሰንደቅ ዓላማ ምልክት ይሉታል።

በተፈጥሮው ቀላ ያለ ጠጉር ይዞ የሚወለድ ልጅ አለ፤ ፀሐይም የጠጉርን ጫፍ ያቀላል። እንዲህ ያለው አያሳስብም። የሚያሳስበው ለውጥ ነው፤ ጥቁሩ ሲቀላ፣ ከርዳዳው ሉጫ ሲሆን፣ ሲነኩት ሲነቀል፣ ልጁም ሲፈዝ፣ እግሩም ሲያብጥ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ በመለኪያ ጥብጣብ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ብርቱ የምግብ እጥረት አለበት፤ የሁለቱ እግሮች ማበጥ ከታየ ግን ክንዱ ምንም ያህል ቢለካ ሕክምና ያስፈልገዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ጥብጣብ ይዘው ይዞራሉ፤ ልኩም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

የዘበኛው ልጅ በዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። እብጠቱ ሲጐድል ከስቶ ታየ፤ ብዙ ሳምንትም ታከመ። በእግዚአብሔር ቸርነትና በነርሷ ዐይን ዳነ። ከሦስት ወር በኋላ አባቱ ይዞት ወደ ግቢው ሲገባ፣ የልጁ ጠጉር ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ጥቁርና ከርዳዳ፣ ከጫፉ ግን ቀይና የሳሳ ነበር። በመካከላቸው ያለው መሥመር በጣት የሚያመለክቱት ያህል ግልጽ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ለምን ይህን ቀዩን ቈርጠህ አትጥልለትም?» አለው። አባቱም «ይቈይ፤ ሳየው እንዳልረሳ» ብሎ መለሰ። እኛም የዚያን ጊዜ ምስጋናችን ትዝ አለንና ዝም አልን።

ስለዚህ ወንድማችን ሆይ፣ ለጥያቄህ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጅህን አትላጫት፤ ጠጉሯ ጥላዋ ነው። ቅቤም በራሷ ላይ አይፍሰስ፤ ቈላው ያቀልጠዋል። አማትህን ግን «ቅቤው ያሳምማታል» ብለህ በደረቅ ቃል አታሳፍራቸው። የማታውን እጥበት ለእርሳቸው ስጥ፤ እጃቸው ልጆችን ያሳደገ እጅ ነውና ውኃውን ሲለኩ ከአንተ ይሻላሉ። ጎረቤቶችህንም አመስግናቸው፤ የልጅቱን ላብ አይተው ያዘኑ ሰዎች ናቸው። አንተ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ፣ ዶሴ እንደምታነብበት ባለው ትጋት፣ የልጅህን ራስ በየዕለቱ ተመልከት። እርግብግቢቷ ጐድጕዷልን? ሽፍታ ወጥቷልን? ጠጉሯስ በዚህ ወር ካለፈው ወር መልኩን ለውጧልን? ይህን ማየት የእናት ብቻ ሥራ ነው ያለው ማን ነው?

የጻፍከውም አማርኛ የሚነቀፍ አልነበረም። ከደብዳቤው ውስጥ የምናርመው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «የልጄ ጠጉር መጥፎ ነው» ብለሃል። ከርዳዳ ነው በል።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ሕፃናት መኝታና ስለ አጎበር አያያዝ እንጽፋለን። ጥያቄ ያላችሁ አንባብያን በምትችሉት አማርኛ ጻፉልን።